ሰናይት አልታመመችም

ሐሙስ፣ ኅዳር 26 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ዛሬ በገዛ ውሸቴ ተያዝኩ። እናቶቻቸው ሥራ ሲውሉ የምጠብቃቸውን አራት ልጆች፣ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ብዬ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ነው የማውላቸው። ሲያለቅሱ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ እሰጣቸዋለሁ፤ ዝም ይላሉ።

ጠዋት ጎረቤቴ አሮጊቷ አዴ ሎኮ ወተት ይዘው መጡ። "አካም፣ ናጋ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ ልጆቹን አጠጧቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር እንዲሯሯጡ ደጅ አወጧቸው። የመምህርቷ ልጅ ሰናይት ሦስት ዓመት ሞልቷታል። ትንሽ እንደሮጠች ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች። በዕድሜ የምታንሳት የአዴ ሎኮ የልጅ ልጅ ጥላት ሄደች።

"ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?" አሉኝ።

"አሟት ነው የከረመችው" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅ።

አመሻሽ ላይ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ አዴ ሎኮ በሩ ላይ አገኟት።

"ልጅሽን ተሻላት ወይ?"

"ምን ሆና?" መምህርቷ ደንግጣ የልጇን ግንባር ዳሰሰች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አልታመመችም" አልኩ። "እኔ ነኝ ቀኑን ሙሉ እያስቀመጥኩ ያደከምኳት። ሻይ ነው የማጠጣት።"

መምህርቷ አልተቆጣችም። "እትዬ፣ ንጹሕ ሆና ስትመጣልኝ እኔ እኮ አመሰግንዎት ነበር" ብላ ልጇን አቅፋ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አዴ ሎኮ ባዶ ዕቃቸውን አነሡ። "ነገም ወተት አመጣለሁ" አሉኝ። "አንቺ በሩን ክፈቺላቸው።"

እከፍታለሁ። ሰናይትን ግን እናቷ ታምጣት አታምጣት እንጃ።