የጸዳ ገበሬዎች ፍለጋ

ሰኞ

ዛሬም ምንም። የሰፈሬን ስም «ፀዳ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር የድሮ ጋዜጦች ዲጂታል ማኅደር «ውጤት የለም» ይለኛል። ከጋዜጣ ሥራ ጡረታ ወጥቼ ለሁለተኛ ዲግሪ ስመዘገብ ከማሽን ጋር እሟገታለሁ ብዬ አላሰብኩም። ርዕሴ፣ መሬት ለአራሹ በታወጀ ሰሞን ስለ ፀዳ ገበሬዎች ምን ተዘገበ የሚል ነው። በዕድሜ ልጄ የሚሆነው አማካሪዬ በትሕትና ቁርጡን ነገረኝ፦ «ጋሼ፣ እስከ ዓርብ አንድ ምንጭ ካላገኙ ርዕሱን እንቀይረው።» መቀየር አልፈልግም። የምኖረው ፀዳ ነው፤ ያኔ ያረሱት ሰዎች እያለቁ ነው።

ማክሰኞ

ያኔ ገበሬ የነበሩትን ጎረቤቴን አያ መኮንንን፣ ጋዜጠኛ መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የመሬት ክፍፍሉ ስብሰባ ላይ ጋዜጠኛ መጥቶ ስሜን ጽፎ ሄዷል። ይውጣ አይውጣ ማን ነገረኝ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ምነው፣ በኮምፒዩተር የማይገኝ የለም ስትል አልነበር?» አሉኝ።

ረቡዕ

የክፍል ጓደኛዬ ሰላም ስክሪኔን አየት አደረገችና «ጋሼ፣ በየትኛው ፀ ነው የጻፉት?» አለች።

«በፀሐዩ።»

«በጸሎቱስ?»

ሞከርኩ። ውጤቱ ጎረፈ። ጉድጓዱ ጸዳ፣ ገበያው ጸዳ፣ ስንዴው ከእንክርዳድ ጸዳ። «አገሩ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት ነው» ብላ ሳቀች፤ ላይብረሪው በሙሉ ዞሮ አየን። ስለ ሰፈሬ አንድም መስመር የለም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ማሽኑ ቢያንስ አፉን ፈታ።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ መጣልኝ። ዜና ውስጥ የቦታ ስም ብቻውን አይቆምም፤ «በ» ወይም «የ» ይቀድመዋል። ማሽኑ ደግሞ «ጸዳ»ንና «የጸዳ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። «የጸዳ ገበሬዎች» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ውጤት።

ከገጹ ታች፣ ከሬዲዮ ማስታወቂያ ጎን፣ አጭር ዜና። ገበሬዎቹ ስለ መሬት ክፍፍል መክረዋል ይላል። መዝጊያው፦ «አቶ መኮንን የተባሉ ወጣት ገበሬ፣ በሬ የሌለው በምን ያርሳል ሲሉ ጠይቀዋል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ሰላምን ጠርቼ አሳየኋት። «የጸዳ ገበሬዎች! ታጥበው ነዋ የተሰበሰቡት» አለች።

ዓርብ

አማካሪዬ ገጹን አየና «ርዕሱ ይቀጥላል» አለ። በቀጥታ ወደ አያ መኮንን ሄጄ ዜናውን አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ሸጋ ጠይቄአለሁ። መልሱስ?»

«መልሱ አልወጣም።»

«ያኔም አልነገሩኝ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ።

የጥናቴ ዋና ጥያቄ የእሳቸው ጥያቄ እንዲሆን ወስኛለሁ። ይህንኑ ስነግራቸው «እንግዲያ ቶሎ በል፤ ብዙ አልጠብቅህም» አሉኝ።