የእማማ እሾህና የእምቧያቸው የሕይወት ታሪክ

በሰፈሩ ሁሉ «እማማ እሾህ» በመባል የሚታወቁት አክስታችን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ብቸኛዋ ሴት ስለነበሩ፣ ክርክር የተማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል ተቀጥረው ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለዋል። እሳቸው ያጣጠፉትን አንሶላ ለመዘርጋት ነርሶቹ ይሳሱ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ሾፌር አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ከትዳሩም ከልጆቹም በፊት የነበረው ግን እናታቸው ያወረሷቸው እምቧይ ነው። ግንዱም ቅጠሉም እሾሃም፣ ፍሬው ቢጫ፣ በአጥሩ ሥር በቅሎ የስንቱን ሱሪ ቀዷል። ጥርሱን ያመመው ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ሥሩን የሚቆፍረው ራሱ ታማሚው ነው። እሳቸው አጥበው ይሰጡትና «ንከስ፣ እንዳትውጠው፤ ነገ ሐኪም ቤት» ይሉታል። እጁን ሲወጋው ጥርሱን ይረሳል፤ መድኃኒቱ የቱ እንደነበር ሳይነግሩን ሄዱ። ፍሬው መርዝ መሆኑን ግን ለሰፈሩ ሕፃናት ሳይነግሩ የዋሉበት ቀን የለም።

ባለፈው ነሐሴ ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ወንድ ልጃቸው ግቢውን አሳምሮ ሊቀበላቸው አስቦ እምቧዩን ከነሥሩ ነቀለና ጽጌረዳ ተከለ። እሾህ ነቅሎ እሾህ መትከሉን ልብ አላለም። እሳቸውም ሲመለሱ «የእናቴን ነው የነቀልከው» ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። ለአራት ወር ምግብ ሲያቀርብላቸው የሚያመሰግኑት ግድግዳውን ነበር።

ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን አንድ ግንበኛ በቀለም ቆርቆሮ የተከላት የእምቧይ ችግኝ ይዞ መጣ። ከሃያ ዓመት በፊት ለጥርሱ ሲመጣ ከግቢው ፍሬ ወስዶ በቤቱ ዘርቶ ኖሯል። ልጃቸው ጽጌረዳውን ወደ ዳር አዛውሮ ችግኟን በባዶ እጁ ሲተክል፣ በመስኮት ያዩት የነበሩት እናት «ጓንት አድርግ የኔ ልጅ፤ እጅህን ጨረስከው እኮ» አሉት። ዕንባውን እየጠረገ «እሾህ ወግቶኝ ነው» ሲለን ማንም አልተከራከረውም።

በዚያው ሳምንት፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ሦስት ወንድሞችና አራት ቅጠል ያወጣች አንዲት እምቧይ ትተዋል። ችግኟ እስክትጠና ጥርሱን የሚያመው በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድልን።

አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ በሚያርፉበትም ለእምቧይ የሚሆን የአጥር ጥግ አይንሳቸው።