ለጸበል ብዬ የተወጋሁት መርፌ

ኅዳር 18፣ ጠዋት 1:30
ድንች ልጬ ጣድሁ። የወር አበባዬ ዛሬም የለም፣ ደብተሬ። የባሌ እናት እማማ ጥሩዬ ጀሪካኑን ከእጄ ወሰዱት፤ ከባድ አታንሺ አሉ። ቅዳሴ ሳልቀር ስንት እሑድ እንደሆነ ሲቆጥሩ ከርመዋል ለካ። ከዚያ ለጎረቤት በአገውኛ አወሩ። አገውኛዬ ትንሽ ነው፤ አርግዛለች ማለታቸው ግን ገባኝ።

ኅዳር 20
ጤና ጣቢያ ሄድሁ። እርግዝና የለም። ነርሷ መድኃኒት ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ነገርኋት። አምና እማማ ታመው ጸበል ሲመላለሱ፣ ደግፎ የሚያስገባ ከእኔ በቀር አልነበረም። ደም ላይ ሆኜ ደግሞ ግቢውን አልረግጥም። ቀን እንዳይጓደልባቸው የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ሁለቴ ተወጋሁ። በድብቅ። ባሌ ደሴ ዘንድሮስ ልጅ ሲል እኔ መርፌ ላይ ነበርሁ።

ሥዕል ሣለችልኝ። ከአንጎል ሥር ባቄላ የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ። እንቁላል እንዲበስል በሆርሞን ታዛለች። በመርፌው ያለው ከሴት ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል፤ ዕጢዋ እሱን በደም ውስጥ ስታገኝ ትእዛዟን ትቀንሳለች። እንቁላል አይወጣም፤ የወር አበባም ይቀራል። ካቆሙትም በኋላ ወራት ሊቆይ ይችላል። ይመለሳል፣ አትፍሪ አለች። አልፈራሁም። ምንም አልተሰማኝም። በባጃጅ ተመለስሁ።

ኅዳር 23፣ ከሰዓት 9:00
ደሴ ከሚያስተምርበት ከአዘና ደወለ። እናቱ ነግረውታል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሳቁ ግን ደረሰኝ። ዝም አልሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። በእኔ ግን ልጅ ገባበት።

እማማ ለ27 መድኃኔ ዓለም ጃንጥላ ገዝተዋል። ስለቴ ሰመረ ይላሉ።

ኅዳር 26፣ ጠዋት
በውሸት ምስጋና ፈጣሪ ፊት ሊቆሙ ነው። ይህስ ይከብዳል። ከቤት ሳይወጡ ነገርኋቸው፤ መርፌውንም፣ ዕጢዋንም፣ ሁሉንም። ማልቀስ ፈለግሁ፣ እንቢ አለኝ።

"ለእኔ ብለሽ ነው የተወጋሽው?"

አዎ አልሁ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ጎኔ ተቀመጡ። መጀመሪያ ለምን ደበቅሽኝ ብለው ተቆጡ። ደግ ቁጣ አልነበረም። ቆይተው ደግሞ ጉልበቴን ያዙ።

"ለደሴ አንቺው ንገሪው። እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ።"

ቅዳሜ ይመጣል። እነግረዋለሁ።