ፀሐይን ከምዕራብ ላወጡት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሰራዊት ጂራታ
የአንበሎ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመሥሪያ ቤትዎ ባልደረቦች የከበረ ሰላምታዬን ከአሶሳ አቀርባለሁ። ጉልበትዎ እንዲጸና፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥ፣ ከሁሉም በላይ ግን የዓይንዎ ብርሃን እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ እንዳይደክም ከልብ እመኛለሁ። ይህን ምኞት ለምን ከሌሎቹ አስበልጬ እንደጻፍኩት ደብዳቤዬን እስከ ታች ካነበቡ ይረዱታል።

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የጻፉልን የግብዣ ደብዳቤ ደርሶናል። እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ የሻረግ የፓርኩ «የዓመቱ አርአያ ጥንዶች» ሆነን መመረጣችንን፣ ኅዳር 14 ቀን ማለዳም በተራራው ጫፍ ላይ እንግዶች በተገኙበት የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠን ተረድተናል። ግብዣውን ተቀብለናል። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎ በካላንደራችሁ ላይ ካወጣችሁት ፎቶግራፍ በቀር ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ስለተገነዘብኩ፣ በዕለቱ ንግግር ሲያደርጉ እንዳይቸገሩ የጎደለውን ላሟላልዎ ወደድኩ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፈውም ፎቶግራፉ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ፣ እሱን ያየ ሰው ይህንንም ቢያነብ ፍትሐዊ ነው ብዬ ነው።

እኔ በሆሞሻና በአሶሳ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ደጋ በሰፈራ ወደዚህ ስትመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የተወለደችበት መንደር ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ከሰው እግር በታች፣ ከደመናው ውስጥ ነው። ባለቤቴ አሶሳን ትወዳለች፤ ልጆቿን የወለደችውም ያሳደገችውም እዚሁ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከአፏ የሰማሁት ብቸኛ ቅሬታ «እዚህ አገር ፀሐይ የምትመጣው ከጎረቤት ማንጎ ጀርባ ነው» የሚል ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የዓይን ሐኪም መርምሯት፣ የዓይኗ ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ ጠብታው ጉዳቱን ሊያዘገየው እንጂ የጠፋውን ሊመልስ እንደማይችል፣ የቀራትም የማየት ጊዜ ምናልባት አንድ ዓመት እንደሆነ ነገረን። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። «ፀሐይን ከላይ ሆኜ» አለችኝ።

ጉዟችንን ያቀድኩት በዚህ ምክንያት ነው። የልጃችን ባል አሮጌ ፒካፑን አዋሰን፤ በአሶሳ ገበያ የሚሠራው ጅረኛ የሚባል ልብስ ሰፊ ከሰማያዊ ሸራ ድንኳን ሰፋልን፤ እኔም አሥራ ሁለት ቀን የሚፈጅ፣ ሦስት ተራራማ ፓርኮችን የሚያዳርስ የጉዞ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፓርኮች በድንኳናችን አደርን፤ ባለቤቴም ቀይ ቀበሮ አይታ እንደ ልጅ አጨበጨበች። የእርስዎን ፓርክ ለመጨረሻ ያቆየሁት ጫፉ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት፣ ከሥሩም ገደል ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። አሁን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በጫፉ ላይ ሦስት ሌሊት ድንኳን ተክለን እንድናድር ከጉዟችን ሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ፊርማዎ በጣም ያምራል። ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በር ላይ ስንደርስ ፈቃዱን ለጥበቃው ለአቶ ሌንጂሳ አሳየሁት፤ እሱም ሁለት ጊዜ አንብቦ አንገቱን ደፋ።

፪. ጫፉ በዐውደ ጥናት ምክንያት መዘጋቱን ራስዎ መጥተው ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ከመኪናዎ ባይወርዱም መስኮቱን ግን ሙሉ በሙሉ አውርደው ነበር። የባለቤቴን የዓይን ሕመም አስረድቼ፣ አንድ ማለዳ ብቻ እንዲፈቅዱልን ስለምንዎት «አባቴ፣ እዚህም እኮ ተራራው ያው ተራራ ነው» ብለውኛል። ድንኳናችንን ሸለቆው ውስጥ፣ ከበሩ ጎን፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ተከልን። እዚያ ፀሐይ የምትታየው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተራራውን ተሻግራ ከመጣች በኋላ ነው። የዐውደ ጥናቱ ርዕስ «የአገር ውስጥ ጎብኚዎችን እንዴት እንሳብ?» የሚል እንደነበር በሩ ላይ ከተለጠፈው ጨርቅ አንብቤያለሁ።

፫. በጫፉ ላይ ለዐውደ ጥናቱ እንግዶች አሥራ ሁለት ድንኳን ስላስተከሉ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ አቶ ሌንጂሳ ሻይ ይዞልን መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እንዳልደብቅህ፣ እዚያ ላይ ያደረ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ከተማ ሆቴል ነው ያሉት። መንገዱን የዘጋው ሰንሰለት ቁልፍ እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ውስጥ ነበር። ከበሩ እስከ ጫፉ ሰባት ኪሎ ሜትር ዳገት ስለሆነና የባለቤቴ ዓይን በድንግዝግዝ መንገድ ስለማይለይ በእግር ልንወጣ አልቻልንም። እንግዲህ በእነዚያ ሦስት ማለዳዎች ፀሐይ ከደመናው ውስጥ ስትወጣ የተመለከቷት አሥራ ሁለት ባዶ ድንኳኖች ናቸው። እንደወደዷት ተስፋ አደርጋለሁ።

፬. በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ ወይዘሪት ሊድያ በቢሮው መኪና ወደ ጫፉ ስለወሰደችን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ተፈቀደልን ብላ ነጠላዋን ቀየረች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ገደሉን ጉም ሞልቶት ነበር። ሰማያዊውን ድንኳናችንን አስተከሉን፤ ፈገግ በሉ ተባልን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ከዚያም ድንኳኑን ንቀሉ ተባልን። ባለቤቴ «የኔ ልጅ፣ እስከ ነገ ጠዋት እዚሁ ብንቆይስ? ማንንም አናስቸግርም» ብላ ጠየቀቻት። «ይቅርታ እማማ፣ ትዕዛዝ ነው» አለች። በልጅቷ አልፈርድም፤ ትዕዛዙ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በማግስቱ የመኪናው መመለሻ ቀን ደርሶ ስለነበር ወደ አሶሳ ተመለስን።

፭. ስለ ካላንደሩ።

በአዲሱ ዓመት መግቢያ ካላንደራችሁ ለየመሥሪያ ቤቱ ሲታደል አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ ታዋቂ ሆነዋል» ብሎ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። የኅዳር ወር ገጽ ላይ እኔና ባለቤቴ ድንኳናችን ፊት ተቀምጠናል። ድንኳኑ ብርቱካንማ ሆኗል። ጉሙ ጠፍቷል። ከጀርባችን ግዙፍ ቀይ ፀሐይ እየወጣች ነው፤ ከሥርም «የማለዳ ፀሐይ በአንበሎ ጫፍ» ተብሎ ተጽፏል።

ክቡር ሆይ፣ ለሠላሳ አራት ዓመት ፈተና አርሜአለሁ። አባይን ወደ ላይ ያፈሰሰ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ቀይ ባሕርን ከሱዳን በስተ ምዕራብ ያስቀመጠም አጋጥሞኛል። ፀሐይን ከምዕራብ ያወጣ ግን ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም። በዚያ ቀን የምሥራቁ በኩል በድንኳኖችዎ ስለተያዘ ፎቶግራፉን ያነሡን ጀርባችንን ወደ ምዕራብ ሰጥተን ነው፤ ኮምፓሴ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደግሞም ፀሐይዋ ገና እየወጣች ጥላችን ከእግራችን ሥር ተጠቅልሎ ይታያል።

ባለቤቴ ካላንደሩን ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው። በዚያን ጊዜ የቀራት ብርሃንን ከጨለማ መለየት ብቻ ነበር። ምን እንዳለበት ጠየቀችኝ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ዋሽቻት ስለማላውቅ ነገርኳት። «እንግዲህ እኛ ሳናያት እሷ አየችን ማለት ነው» አለችና ካላንደሩን አጥፋ መለሰችልኝ። እሷ መቆጣት አታውቅበትም፤ ስለዚህ የሁለታችንንም ቁጣ እኔ ነኝ የምሠራው።

በሥርዓት እየሠራሁት ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ በአሶሳና በሆሞሻ ካላንደራችሁ በተሰቀለባቸው ቢሮዎች እየዞርኩ ነው። ግማሾቹ ውስጥ ተማሪዎቼ ስላሉ ወንበር ያቀርቡልኛል። የኅዳርን ገጽ ገልጬ፣ ፀሐይዋ ላይ ኤክስ አድርጌ፣ ከጎኑ «ከአሥር ዜሮ፤ ምሥራቅ በሌላ በኩል ነው» ብዬ ጽፌ እፈርምበታለሁ። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከላይ ያነበቡትን ከአንድ እስከ አምስት እነግረዋለሁ። እስከ ዛሬ አርባ ሦስት ካላንደር አርሜአለሁ። ኅዳር ሲገባ ሁሉም ሠራተኛ ገጹን ይገልጣል፤ ሠላሳ ቀን ሙሉም ያነበዋል። ወሩ ጳጉሜ ባለመሆኑ እጅግ አመሰግንዎታለሁ።

ለሰጡን ፈቃድና ለቆለፉት ሰንሰለት፣ በክብር ለተሰናዳልን ባዶ ወረቀት ጭምር፣ በተማርኩት ጨዋነት ልክ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
በቃሉ አንዳርጋቸው
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ አሶሳ

ግልባጭ፦
ካላንደሩ ለተሰቀለባቸው ቢሮዎች በሙሉ
ለአቶ ሌንጂሳ፣ ከሻይ ምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ የምስክር ወረቀቱን አትፈልገውም፤ ስለማታነበው ለሌላ ቢሰጡት ትወዳለች። በምትኩ አንድ ነገር ብቻ ትለምንዎታለች፦ ኅዳር 14 ቀን ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እንግዶችዎ ሁሉ እየሰሙ፣ ከጎኗ ቆመው ፀሐይዋ ከደመናው ስትወጣ የሚያዩትን አንድ በአንድ እንዲነግሯት። ቀለሙንም፣ ገደሉንም፣ አንዳች ሳያስቀሩ። እኔ ከኋላዎ ቆሜ ነጥብ እይዛለሁ። ስለ አቅጣጫው ሲናገሩ ግን አደራ ይጠንቀቁ፤ ሙቀቱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ፊቷ ያውቃል።