የብስክሌታችን የቢምረው ድንገተኛ ኅልፈት እና የቅዳሜውን ውድድር የሚመለከት ማሳሰቢያ

የሰቆጣ ተራራ ብስክሌተኞች ማኅበር ለአባላቱ፣ ለደጋፊዎቹ፣ እንዲሁም ብስክሌት ባይነዳም መንገድ ለሚለቅልን የዋግ ሕዝብ ይህን በሐዘን ይጽፋል። አንጋፋው የተራራ ብስክሌታችን ቢምረው ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ወደ አበርገሌ በሚወርደው መንገድ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ገደል ገብተው አርፈዋል። ፍሬማቸው ለሁለት ተከፍሏል። የፊት ጎማቸው ብቻውን ተንከባሎ ቁልቋል ውስጥ ስለገባ እስካሁን የሚያወጣው ደፋር አልተገኘም። ማኅበሩ ደንግጧል። እሑድ እኮ ደህና ነበሩ! እሑድ ከተማውን ሁለቴ ዞረው፣ ደወላቸውን አሰምተው፣ የቢሮውን ግድግዳ ተደግፈው ነው ያደሩት። እንዴት ነው ነገሩ?

በዕለቱ ቢምረውን ትነዳ የነበረችው አባላችን መስታወት ገብረ ኪዳን በሕይወት አለች። ኩርባው ጋ ሳትደርስ ዘልላ ስለወረደች ክርኗ ከመላጡ በቀር ደህና ናት። ይህን ቀድመን መጻፍ ነበረብን። ሰኞ ማታ በራችን ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ግን «ቢምረውን አጥተናል፤ ለቅሶው በማኅበሩ ቢሮ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ዝርዝር ስላልነበረው፣ ማክሰኞ ጧት ቢምረው የሚባል ዘመድ ያለው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቷል። አንድ አባት ደረታቸውን እየደቁ ገብተው፣ ሟቹ ብስክሌት መሆኑ በትሕትና ሲነገራቸው፣ በኽምጣና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ወጥተዋል። ማኅበሩ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ ለመመለስ አልደፈረም።

ስለ አገልግሎታቸው

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ፦ ለእርዳታ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ ዜጋ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቢምረውን ለማኅበሩ ትቶለት ሄደ፤ ወይም ማኅበሩ እንደሚያምነው፣ ቢምረው ራሳቸው አልሄድም ብለው ቀሩ። ያኔ የማኅበሩ ንብረት አንድ ፖምፓ እና አንድ ማኅተም ነበር። የማኅተሙ ቀለም ደርቋል፤ ፖምፓው ይሠራል።

በ2016 ዓ.ም.፦ ቢምረው ለአባላት ማርሽ መቀየርን አስተማሩ። ከዚያ በፊት አባላት ዳገቱ መሐል ደርሰው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ፔዳሉን በሙሉ ክብደታቸው እየረገጡ ነበር ማርሽ የሚቀይሩት። ካቴና ይበጠሳል፤ ከዚያ ካቴናው ይረገማል። ቢምረው በዚህ መንገድ ሁለት ካቴና ከሠዉ በኋላ ነገሩ ገባን፦ ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግርን ለአፍታ አለዝቦ ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት፦ አባላችን ቢሻው ከወልድያ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ፊትም ኋላም ስፕሪንግ ያለው አዲስ ብስክሌት ገዝቶ መጣ። ሰው ሁሉ ቢምረውን ረስቶ አዲሱን ከበበ። ቢምረው ምንም አልተናገሩም። አዲሱ ብስክሌት የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ስፕሪንጉ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ቢሻው በቢምረው ኋላ ተፈናጥጦ ወደ ከተማ ተመለሰ። ስለዚህ ብስክሌት የምትገዙ ሁሉ ቀለም አትግዙ። ሁለት እግራችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ፍሬሙን ስትቆሙበት በመሐል ክፍተት ይኑር፤ ጎማው ሲሽከረከር አይወላገድ፤ ፍሬኑ ሲያዝ ይያዝ። ከሁሉም በላይ፣ ሲበላሽ እንዳለው የሚባለው ጎሚስታችን መለዋወጫ የሚያገኝለት ዓይነት ይሁን። መቐለ ወይም ባሕር ዳር ካልሆነ አይገኝም የሚባል ዕቃ ያለው ብስክሌት፣ ሰቆጣ ውስጥ ብስክሌት አይደለም፤ የግድግዳ ጌጥ ነው።

በ2017 ዓ.ም.፦ የእሑድ የጋራ ጉዞ ተጀመረ፤ ከቅዳሴ በኋላ። መጀመሪያ ላይ ጉዞው ጉዞ ሳይሆን መሸሽ ነበር። ፈጣኑ ይጠፋል፣ ዘገምተኛው ይቀራል፣ የቀረውን እረኞች አጽናንተው ይመልሱታል። ዛሬ ደንብ አለን። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ቀርፋፋው ነው፤ መንታ መንገድ ላይ ሁሉም እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ቁልቁለት ላይ ጎን ለጎን እየሄዱ ወሬ የለም። አህያ ካለ ደወል ከሩቅ ይደወላል። ቄስ ወይም የቀብር ሰው ካለ ተወርዶ ይገፋል። ጎማችሁንም እንደ ከበሮ አታወጥሩት፤ መንገዳችን ድንጋይ ነውና በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ገባ ይበል። ይህን ሁሉ ቢምረው በአካላቸው ላይ በተቀበሉት ጠባሳ አስተምረውናል።

ስለ ኅልፈታቸው ሁኔታ

የፊታችን ቅዳሜ ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ የሚደረግ የተራራ ብስክሌት ውድድር አለ። ከሴቶች ቀድማ የገባችው፣ አልጋና ምግብ ያለው የብስክሌት ማሠልጠኛ ትገባለች። መስታወት ለዚህ፣ ዓመት ሙሉ፣ ስትዘጋጅ ቆይታለች፤ ሌላ የተዘጋጀላት ነገርም አለ። ወደ ዓረብ አገር ሴቶች የሚልከው ደላላ ፓስፖርቷን አሠርቶ ይዟል። እሷም «ቅዳሜ ሳይመሽ መልስ አትጠብቅ» ብላዋለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልጋት ብስክሌት ብቻ ነበር። እሱም ቢምረው ነበሩ።

ሰኞ ጧት ለመጨረሻው ልምምድ ስትወጣ የሽኝት ንዑስ ኮሚቴው በማኅበሩ ሊቀመንበር በአቶ ቢያዝን ጥሪ ተሰበሰበ። ለትልቅ ነገር የሚወጣ ሁሉ በዚህ አገር ቅቤ ይቀባል፤ ሙሽራም ብትሆን፣ የክብር እንግዳም ቢሆን። ቢምረው በምን ያንሳሉ? ቅቤ መጣ። መሪያቸው ተቀባ፣ ኮርቻቸው ተቀባ፣ ካቴናቸው ተቀባ። የአቶ ቢያዝን እጅ ወደ ጎማው መሐል ወደሚገኘው የፍሬን ዲስክ ሲሄድ መስታወት ጣልቃ ገባች።

«ጋሼ ቢያዝን፣ እባክዎ እሱን ይተዉት። ፍሬን ነው።»

«ዝም በይ ልጄ! ሙሽራ ግማሽ ራሷን ብቻ ተቀብታ ስትወጣ የት አይተሻል?»

«ጋሼ፣ ይንሸራተታል።»

«ቅቤ ያለሰልሳል እንጂ ምን አደረገ? ደግሞ የላስታ ቅቤ ነው።»

ንዑስ ኮሚቴው አጨበጨበ። ዲስኮቹ ከፊትም ከኋላም ተቀቡ። የተረፈው የመስታወት ራስ ላይ ተደረገ፤ የማኅበሩ ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ከቅቤው ሁሉ በትክክለኛ ቦታው የዋለው ይኸኛው ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ መስታወት ያጎደለችው የለም። ክብደቷን ወደ ኋላ አድርጋለች፣ ጉልበቷን አለዝባለች፣ ዓይኗን ከጎማው ሳይሆን ከፊቷ ካለው መንገድ ላይ አድርጋለች፣ ሁለቱንም ፍሬን እኩል ይዛለች። እሷ ይዛለች፤ ፍሬኑ አልያዘም። ዲስኩ ጋለ፤ ሲግል ቅቤውን አነጠረው። ማሳ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ለማኅበሩ በሰጡት ቃል፣ ብስክሌቱን ከማየታቸው በፊት ሽታው ደርሷቸው ነበር።

«የማን ሰርግ ነው?» አለ አንዱ።

«ልቀቁ! ፍሬን የለም!» ብላ እየጮኸች አለፈች።

«ምን አለች?»

«ፍሬን የለም ነው የምትለው።»

«ኧረ ባይኖርም ሽታው ለጉድ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ከላይ ተገልጿል።

ስለዚህ ለመላው የተራራ ብስክሌተኛ፦ የፍሬን ዲስክ ቅቤ አይወድም። ዘይትም፣ ቅባትም፣ የቆሸሸ ጣትም አይወድም። ከነካው በንጹሕ ጨርቅና በፋርማሲ አልኮል ይጠረግ፤ ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬኑ ሸራ ቅባቱን ከጠጣ ግን ጠረጋ አያድነውም፣ ይቀየር። በአልኮል ፋንታ አረቄ ይሆናል ወይ ተብሎ ለቀረበው ጥያቄ ንዑስ ኮሚቴው ሙከራ ለማድረግ አንድ ጠርሙስ ተረክቦ ነበር። ጠርሙሱ ባዶ ነው፤ ውጤቱ ግን አልቀረበም።

ስለ ለቅሶው ሥነ ሥርዓት

ማክሰኞ ከሰዓት በቢሯችን በተደረገው ለቅሶ አቶ ቢያዝን ንግግር አድርገዋል። «ቢምረውን የሚተካ ብስክሌት በሰቆጣ የለም። መስታወት ልጄ፣ ቻይው። ምን ይደረጋል?» ሲሉ ብዙዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን አልመጠጡም።

«የለም? የኛስ?»

«የቱ የኛ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጭድ ክምር ውስጥ ያስተኛኸው ነዋ!»

ሊቀመንበሩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሱ ጥገና ላይ ነው።»

«ማን ነው የሚጠግነው? ዶሮዎቹ? ኮርቻው ላይ ከተኙ እኮ ቆዩ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ የማኅበር ጉዳይ ነው። እኔ ለአንድ ሰው ባውስ ነገ ከተማው ሁሉ ደጄ ላይ ይቆማል።»

«ከተማው አልጠየቀህም። ይህቺ ልጅ ናት ብስክሌት ያጣች። ፍሬኗን የቀባኸውም አንተ ነህ፣ ከተማው አይደለም። ነገ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ጭድህን ታቅፈህ ትሸኛታለህ?»

መስታወት ቀና አለች። «ጋሼ፣ አልለምንዎትም። ግን የለም አይበሉ። ደላላው ዛሬ ሁለቴ ደውሎልኛል፤ እኔም የለም ስለተባለ ነው እሺ ልለው የነበረው።»

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዚህ ጊዜ ለቅሶውን ለአጭር ጊዜ አቋርጦ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ። ድምፅ እኩል ለእኩል ስለተከፈለ በደንቡ መሠረት የሊቀመንበሩ ድምፅ ወሳኝ ሆነ። ውሳኔውም፦ «የሊቀመንበሩ ብስክሌት ለውድድር ብቁ አይደለም፤ ስለዚህ መስታወት ገብረ ኪዳን በቅዳሜው ውድድር አትሳተፍም» የሚል ሆኗል። ማኅበሩ ይህን ሲጽፍ ሐዘኑ እጥፍ ሆኖበታል፤ አጻጻፉ የኮሚቴው ነው።

ለቀሩት ተወዳዳሪዎች

ውድድር ላይ አዲስ ነገር አይሞከርም፤ አዲስ ጫማም፣ አዲስ ኮርቻም፣ አዲስ ምግብም። ሄልሜቱ ራሳችሁን ስትነቀንቁ የማይወዛወዝ፣ ማሰሪያው አገጭ ሥር የተቆለፈ ይሁን፤ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሄልሜት የሚያድነው መሪውን ነው። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪያ)፣ ፖምፓ እና የካቴና ማያያዣ ያዙ። ዓርብ ጾም መሆኑን አስባችሁ ሐሙስ ማታ በደንብ ብሉ፤ ዓርብ ማታም በሽሮና በዳቦ ሆዳችሁን አስይዙ። መንገድ ላይ በሶ ያዙ፤ ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ። የጽጽቃ ዳገት ላይ የጀመረ ረሃብ እዚያው ዳገቱ ላይ አይበርድም። መነሻው ላይ ቀድሞ መድረስ ግዴታ ነው። ከለቅሶ የቀረ፣ ከሰርግ የቀረ ምክንያት ያቀርባል፤ ከውድድር የቀረ ግን አቧራውን ያያል።

ማጠቃለያ

ማኅበሩ ለጎሚስታው ለእንዳለው፣ ቢምረውን በየሳምንቱ ሲያድን ለኖረው፤ ለእሑድ ጉዞ ባልደረቦቻቸው፤ እንዲሁም ከፊታቸው ዘወር ሲሉ ለኖሩ አህዮች በሙሉ ብርታቱን ይመኛል። ቁልቋሉ ውስጥ ያለውን ጎማ ለሚያወጣ ማኅበሩ ከልብ ያመሰግናል፤ ጓንት ግን አይሰጥም።

የሰቆጣ ተራራ ብስክሌተኞች ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

እርማት

ከላይ የሰፈረው መግለጫ ደረቁ ማኅተም ከተመታበት በኋላ፣ ረቡዕ ጧት፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና ጭዱን ገልጠው የሊቀመንበሩን ብስክሌት በገዛ እጃቸው እየገፉ ወደ ማኅበሩ ቢሮ አምጥተዋል። ጎሚስታው ጎማውን ነፍቶ፣ ፍሬኑን ፈትሾ፣ ኮርቻውን ለመስታወት ቁመት ዝቅ አድርጎታል። መስታወትም ዳገቱን ወጥታ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ሦስተኛውን ኩርባ አልፋ ተመልሳለች። ሊቀመንበሩ ብስክሌቱ ከጭዱ ሲወጣ በራቸው ላይ ቆመው አይተዋል፤ ሲጠየቁም «እንግዲህ ከወጣ ወጣ» ብለዋል፤ ኮሚቴው ይህን ቃል እንደ ድጋፍ ድምፅ መዝግቦታል።

ስለዚህ ቀደም ሲል «የሊቀመንበሩ ብስክሌት ለውድድር ብቁ አይደለም» የተባለው ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። «መስታወት ገብረ ኪዳን በቅዳሜው ውድድር አትሳተፍም» የሚለውም «መስታወት ገብረ ኪዳን ቅዳሜ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መነሻው መስመር ላይ ትገኛለች፤ ከኋላዋ የሚነዳ ሁሉ ርቀቱን ይጠብቅ» ተብሎ ይነበብ።