ከፍ ያለው መቀርቀሪያ

ለታናሽ ወንድሜ ለአቡሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ያረጀው ቤቱ ነው።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል። ያለቀችውን ጎማ የቀየርኳት እኔ ነኝ። እማዬ ግን ለጎረቤት ምን ብትል ጥሩ ነው? «አቡሽዬ ትናንት መጥቶ ሠራልኝ!» ከሄድክ ስድስት ዓመትህ! መፍቻ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ የማታውቀው አንተ! ድሮም እኔ ስለፋ ምርቃቱ ላንተ ነው።

ሁለት ድስት ስላረረብን፣ ሥራ ስሄድ የቡታጋዙን ማዞሪያ ነቅዬ በኪሴ ይዤው እወጣለሁ። የውጭውን በር መቀርቀሪያም እጇ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጌ ገጠምኩት። ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪው ከገበያው ማዶ አግኝቷት፣ በነጠላ ጫማ፣ እጇን ይዞ ነው ያመጣት። «ልጄን ከትምህርት ቤት ልቀበል» አለችው አሉ። የትኛውን ልጅ እንደሆነ መቼም አትጠይቀኝም።

የመጨረሻውን ብሎን አጥብቄ ከወንበሩ ስወርድ ግንባሬን ሳመችኝ።

«እጅህ ይባረክ፣ አቡሽዬ።»

ድሮ ቢሆን አኩርፌ ቤቱን ጥዬ እወጣ ነበር። አሁን «አሜን» አልኳት።

በል ደህና ሁን። ምርቃትህን ተቀብዬልሃለሁ፤ ሳይመሽ መጥተህ ውሰድ።

ታላቅህ