ንጹሕ ነው ያልኩት ውሃ

ኅዳር 9፣ እሑድ

ዛሬም አንድ ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘሁ። አሁን የቀረው ቀዩ ብቻ ነው። ወዲያው የገንዳውን ውሃ መረመርኩ። አሞኒያ የለበትም፣ አሲድነቱም ልክ ነው። የዲላ ቧንቧ በፈረቃ ስለሆነ የምቀይርላቸው ከሮቶው እየቀዳሁ፣ ክሎሩ እንዲለቅ በባልዲ አሳድሬ ነው። የባልዲውንም መረመርኩ። እንከን አላገኘሁበትም። እኛም የምንጠጣው ከዚያው ሮቶ ነው።

ባለቤቴ ላይ ጮኽኩ። "ሳሙና በነካ እጅሽ ገንዳውን ነካክተሻል።"

"እኔ ዓሣህ ጋ ምን አለኝ?" አለች አስቴር፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም። "ውሃው ነው የሚገድላቸው።"

"ውሃው ንጹሕ ነው። መርምሬዋለሁ።"

እጇን ጠረገችና ከባልዲው በብርጭቆ ቀድታ ፊቴ አስቀመጠች። "እንግዲያው ጠጣውና ልይህ፣ አንተ ሰውዬ።"

እየሳቀች ነበር። ብርጭቆውን አነሳሁ። ሽታም ቀለምም የለውም። ቀዩ ዓሣ ከጥግ ተነሥቶ በእኛ በኩል ወዳለው መስታወት መጣና ቆመ፤ ክንፉን እንኳ አላወዛወዘም። ብርጭቆውን ከአፌ አድርሼ መለስኩት። ያኔ አስቴር ሳቋን አቆመች።

ምሳ ላይ ከሮቶው የተሞላው የውሃ ጆግ መሐላችን ተቀምጦ ነበር። ማናችንም አልቀዳንም። ቀዩ አሁንም ከዚያው አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ ጠረጴዛው ያያል።